አጥፋ፣ አቁም፣ አንሳ፦ ለማሽን ወኪል የሚጻፍ የመሣሪያ መግለጫ

በደቡብ አዲስ አበባ «አቦ» የሚባሉ ከአንድ በላይ ሠፈሮች አሉ። መካኒሳ አቦ አንዱ ነው፤ ሳሪስ አቦ ሌላው ነው። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም ከተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ነው። የታክሲ ረዳት «አቦ! አቦ!» እያለ ሲጣራ ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም። የቆመበትን ቦታ ያውቃል፣ ታክሲው ወዴት እንደዞረ ያያል፣ ከተጠራጠረም «የመካኒሳው ነው የሳሪሱ?» ብሎ ይጠይቃል። የቃሉን ጉድለት ዐይንና አንደበት ይሞሉታል።

አሁን ደግሞ ትእዛዙን የሚቀበለው ሰው ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው እንበል። ይህ ፕሮግራም መንገዱን አያይም፤ የሚያየው ጽሑፍ ብቻ ነው። እንዲጠይቅ ካልተነገረውም ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ አንዱን መርጦ ይሄዳል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ሰርቨሮችን እንዲያስተዳድሩ በሚደረግበት በአሁኑ ወቅት ይህ ጉዳይ ከቋንቋ ትምህርት ክፍል አልፎ የኮምፒውተር ሳይንስ ጥያቄ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ወኪል የሚሰጡ መሣሪያዎች መግለጫቸው እንዴት መጻፍ እንዳለበት፣ በተለይም አማርኛ ተናጋሪ ትእዛዝ በሚሰጥበት ጊዜ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን።

ኮንቴይነር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኮንቴይነር የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከጅቡቲ ወደብ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚጓጓዘው የብረት ሣጥን ነው። የሣጥኑ ጥቅም በውስጡ ቡናም ይሁን የመኪና ጎማ፣ መርከቡም ክሬኑም የጭነት መኪናውም በአንድ ዓይነት መንገድ ሊይዙት መቻላቸው ነው። በሰርቨር ላይ ያለው ኮንቴይነርም ሐሳቡ ይኸው ነው። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ሁሉ ጋር አብሮ ይታሸግና በየትኛውም ሰርቨር ላይ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ እንዲነሣ ይደረጋል።

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይህን የሚያስችሉ ሁለት ዋና ዋና የከርነል አገልግሎቶች አሉ። አንደኛው ኔምስፔስ ይባላል፤ ፕሮግራሙ ምን ማየት እንደሚችል ይወስናል። ሁለተኛው ሲግሩፕ ይባላል፤ ፕሮግራሙ ምን ያህል ማህደረ ትውስታና ፕሮሰሰር መጠቀም እንደሚችል ይገድባል። ኮንቴይነሮች አንዱን ከርነል በጋራ ስለሚጠቀሙ እያንዳንዱ የራሱን ሥርዓተ ክወና መጫን አያስፈልገውም፤ ስለዚህም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይነሣሉ። አሠራሩን በሰፊው ያስተዋወቀው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የቀረበው ዶከር ነው። በቀጣዩ ዓመት ጉግል ኩበርኔቲስ የተባለውን ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንድነት የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ይፋ አደረገ።

ለርእሳችን እጅግ አስፈላጊው ነጥብ የኮንቴይነር ሁኔታ አራት ደረጃዎች ሊኖሩት መቻሉ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ኮንቴይነሩ በሥራ ላይ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ቆሟል፤ ነገር ግን በውስጡ የተጻፈው መረጃ አለ፤ መልሶ ማስነሣትም ይቻላል። በሦስተኛው ደረጃ ተሰርዟል፤ በራሱ ውስጥ የጻፈው ሁሉ አብሮት ጠፍቷል፤ ቮልዩም በሚባለው የተለየ ማከማቻ ውስጥ የተቀመጠው ግን ተርፏል። በአራተኛው ደረጃ ቮልዩሙም ተሰርዟል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የወረደ በቀላሉ ይመለሳል። አራተኛው ላይ የደረሰ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው አይመለስም።

ወኪሉ ምን ያያል?

የዛሬዎቹ ወኪሎች መሠረታቸው ግዙፍ የቋንቋ ሞዴል ነው። ሞዴሉ ጽሑፍ ተቀብሎ ጽሑፍ ያወጣል እንጂ ሰርቨሩን በቀጥታ አይነካም። ሰርቨሩን የሚነካው ሞዴሉን የያዘው አስተናጋጅ ፕሮግራም ነው። ሂደቱ እንዲህ ነው፦ አስተናጋጁ የመሣሪያዎችን ዝርዝር ለሞዴሉ ያቀርባል፤ ሞዴሉ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ የመሣሪያውን ስምና የሚያስፈልጉትን ግብአቶች ይጽፋል፤ አስተናጋጁ ትእዛዙን ፈጽሞ ውጤቱን በጽሑፍ ይመልሳል፤ ሞዴሉም ውጤቱን አንብቦ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኦፕንኤአይ ይህን የመሰለ የመሣሪያ ጥሪ ለፕሮግራመሮች አቀረበ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንትሮፒክ መሣሪያዎችና ሞዴሎች የሚገናኙበትን ኤምሲፒ የተባለ የጋራ ደንብ ይፋ አደረገ።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት ነገሮች ይኖሩታል፦ ስም፣ መግለጫና የግብአቶች ዝርዝር። ሞዴሉ የመሣሪያውን ኮድ አያነብም። መሣሪያው በውስጡ ምንም ያህል በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆን፣ ሞዴሉ ስለ እርሱ የሚያውቀው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች የተጻፈውን ብቻ ነው። ልምድ ያለው የሰርቨር ባለሙያ በአእምሮው የያዘው፣ «ይህን ግን በሥራ ሰዓት አትንካው» የሚለው ያልተጻፈ እውቀት፣ ካልተጻፈለት ለወኪሉ የለም።

ሦስት ግሦች፣ ስድስት ትርጉሞች

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ በምናባችን እንፍጠር። በመካኒሳ አቦ አካባቢ የሚገኝ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ማእከል አንዲት ሰርቨር አለችው እንበል። በሰርቨሯ ላይ ሦስት ኮንቴይነሮች ይሠራሉ፦ «ድረገጽ»፣ «ውጤት» እና «ውጤት_ሙከራ»። «ውጤት» የተማሪዎችን የፈተና ውጤት የያዘው የመረጃ ቋት ነው፤ «ውጤት_ሙከራ» አዲስ ነገር የሚሞከርበት ቅጂ ነው። አንድ ምሽት ሥርዓቱ ሲዘገይ ኃላፊዋ ለወኪሉ «ውጤትን አጥፋውና እንደገና አንሣው» ብላ ጻፈች።

ምን ማለቷ ነው? በአማርኛ «መብራቱን አጥፋ» ስንል መብራቱ ተመልሶ ይበራል። «ፋይሉን አጥፋ» ስንል ግን ፋይሉ ይሰረዛል። ግሡ አንድ ነው፤ ጥፋቱ ግን ሁለት ነው። «አንሣ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «የወደቀውን አንሣ» ማለት ቀና ማድረግ ሲሆን፣ «ዕቃውን ከመንገድ ላይ አንሣ» ማለት ማስወገድ ነው። «አቁም»ም ከዚህ አያመልጥም። «መኪናውን አቁም» መግታት ነው፤ «ምሰሶውን አቁም» መትከል ነው። እንግዲህ በኮንቴይነር አስተዳደር ዘወትር የምንጠቀምባቸው ሦስቱ ግሦች እያንዳንዳቸው ሁለት፣ አንዳንዴም ተቃራኒ ትርጉም አላቸው ማለት ነው።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ቋንቋዎችም የየራሳቸው አሻሚ ቃላት አሏቸው። በእኛ ዘንድ የሚከብደው ትእዛዙ በአማርኛ፣ የመሣሪያው መግለጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ወኪሉ በመካከል ይተረጉማል፤ ሲተረጉምም ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ይመርጣል። ሰዎች እንዲህ አሻሚ በሆነ መንገድ መናገራቸውን ልናስቀር አንችልም። መግለጫውን የምንጽፈው ግን እኛ ነን። ስለዚህ ወኪሉ መንታ መንገድ ላይ መድረሱን እንዲያውቅና ቆሞ እንዲጠይቅ የሚያደርገው መግለጫው መሆን አለበት።

ደካማና ጠንካራ መግለጫ

ለማነጻጸር ያህል አንድ ደካማ መግለጫ እንመልከት።

ስም፦ ኮንቴይነር_አጥፋ
መግለጫ፦ ኮንቴይነር ያጠፋል።

ይህ መግለጫ ስሙን ከመድገም በቀር የጨመረው ነገር የለም። ይዘጋል ወይስ ይሰርዛል? መረጃው ይተርፋል? ወኪሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አሁን ደግሞ ሁለት መሣሪያዎችን ለይተን በሚከተለው መንገድ እንጻፋቸው።

ስም፦ ኮንቴይነር_ግታ
መግለጫ፦ በሥራ ላይ ያለን አንድ ኮንቴይነር ይገታል። ለፕሮግራሙ የመዝጊያ ምልክት ይልካል፤ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ካልተዘጋ በግድ ያቋርጠዋል። ኮንቴይነሩም ሆነ መረጃው አይሰረዝም፤ በ«ኮንቴይነር_አስጀምር» መልሶ ማስነሣት ይቻላል። እስኪነሣ ድረስ ተጠቃሚዎች አገልግሎቱን አያገኙም። ተጠቃሚው «አጥፋ» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ መግታት ወይስ መሰረዝ እንደፈለገ አስቀድመህ ጠይቅ። ኮንቴይነሩ ቀድሞውኑ የቆመ ከሆነ ምንም አይለወጥም።

ስም፦ ኮንቴይነር_ሰርዝ
መግለጫ፦ የቆመን አንድ ኮንቴይነር በቋሚነት ይሰርዛል። በኮንቴይነሩ ውስጥ የተጻፈ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ሊመለስ አይችልም። በቮልዩም ያለው መረጃ አይነካም። በሥራ ላይ ያለን ኮንቴይነር አይሰርዝም፤ ስሕተት ይመልሳል። የዘገየን ወይም የተበላሸን አገልግሎት ለማስተካከል ይህን አትጠቀም፤ «ኮንቴይነር_ግታ»ን እና «ኮንቴይነር_አስጀምር»ን ተጠቀም።

ከሁለተኛው አጻጻፍ ውስጥ አምስት ቁም ነገሮችን ማውጣት እንችላለን። አንደኛ፣ መግለጫው መሣሪያው የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን የማያደርገውንም ይናገራል። ሁለተኛ፣ ድርጊቱ የሚመለስ ወይም የማይመለስ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ሦስተኛ፣ ወኪሉ ሊያምታታቸው የሚችሉ ሌሎች መሣሪያዎችን በስም ጠርቶ ይለያል። አራተኛ፣ ሳይጠይቅ ማለፍ የሌለበትን ቦታ ያመለክታል። አምስተኛ፣ ያልተለመደ ሁኔታ ሲያጋጥም፣ ለምሳሌ ኮንቴይነሩ ቀድሞ የቆመ ሲሆን፣ ምን እንደሚሆን ያስታውቃል።

የ10 ሴኮንዱ ዝርዝርም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ዶከር አንድን ኮንቴይነር ሲገታ በመጀመሪያ ሲግተርም የተባለውን የትሕትና ምልክት ይልካል፤ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በሊኑክስ 10 ሴኮንድ ጠብቆ ሲግኪል የተባለውን የግድ ምልክት ይልካል። የመረጃ ቋት በዚህ ጊዜ ውስጥ የጀመረውን ጽሑፍ መጨረስ ካልቻለ ሥራው በግማሽ ይቋረጣል። ወኪሉ ይህን ካወቀ ለመረጃ ቋት ረዘም ያለ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካላወቀ ግን የሚያስብበት ምክንያት አይኖረውም።

ስምና ሰዓት

መሣሪያውን በትክክል የመረጠ ወኪል በግብአቱ ሊሳሳት ይችላል። በምሳሌያችን «ውጤት» እና «ውጤት_ሙከራ» የሚሉት ስሞች እንደ ሁለቱ አቦዎች ናቸው፤ በከፊል የተጻፈ ስም ሁለቱንም ሊያመለክት ይችላል። በመሆኑም የግብአቱ መግለጫ «የኮንቴይነሩ ስም» ብሎ ማብቃት የለበትም። «ከኮንቴይነር ዝርዝር በቀጥታ የተወሰደ ሙሉ ስም፤ በከፊል የተጻፈ ስም ተቀባይነት የለውም» መባል ይኖርበታል።

ተመሳሳይ ስም የሚያስከትለው አደጋ ከወኪሎች በፊትም ይታወቅ ነበር። በጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ መሐንዲስ በሁለተኛ ደረጃ የመረጃ ቋት ላይ የሰረዘ መስሎት በዋናው ላይ ሰረዘ። ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው መረጃ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር። ከ6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ቅጂ ባይገኝ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ በከፋ ነበር። ድካም የተጫነው ባለሙያ እንዲህ ከተሳሳተ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚመራ ወኪል የበለጠ ግልጽ ስም ያስፈልገዋል።

የሰዓት ጉዳይ በአገራችን የተለየ ክብደት አለው። ኃላፊዋ ወኪሉን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ያለውን የክንውን መዝገብ አሳየኝ» አለችው እንበል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ የሰዓት አጻጻፍ የአዲስ አበባ 09፡00 ነው። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ የሚቆጥሩት ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፤ አዲስ አበባ ከእርሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ትክክለኛው ግብአት 06፡00 ይሆናል። ወኪሉ 03፡00 ብሎ ቢጽፍ የተሳሳተ መዝገብ ያያል፤ 09፡00 ቢጽፍም እንዲሁ።

ቀኑም ከዚህ የተለየ አይደለም። «05/01/2018» የሚለውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብናነበው መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን መስከረም 15 ቀን 2025 ላይ ይውላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካነበብነው ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንሄዳለን። የግብአቱ መግለጫ መለኪያውን መሰየም፣ አንድ ምሳሌ ማቅረብ፣ ተጠቃሚው በኢትዮጵያ ሰዓትና ዘመን ሊናገር እንደሚችልም ማሳሰብ አለበት።

መልሱም መግለጫ ነው

መሣሪያው የሚመልሰው ጽሑፍ ለወኪሉ ቀጣይ እርምጃ መመሪያ ይሆነዋል። አንድ ኮንቴይነር ወድቆ «ስሕተት 137» የሚል መልስ ብቻ ቢመጣ ለጀማሪ ተማሪ ምንም አይነግርም። ቁጥሩ 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 የሲግኪል ቁጥር በመሆኑ ፕሮግራሙ በግድ እንደተቋረጠ ያመለክታል። የዚህ የተለመደ ምክንያት ማህደረ ትውስታ ማለቁ ነው። መሣሪያው «ኮንቴይነሩ በግድ ተቋርጧል (137)። ማህደረ ትውስታው አልቆ እንደሆነ በ«ሁኔታ_አሳይ» አረጋግጥ» ብሎ ቢመልስ፣ ወኪሉ ያንኑ ኮንቴይነር በከንቱ ደጋግሞ ከማስነሣት ይድናል።

የመልሱ ርዝመትም ይታሰብበት። ሞዴል በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ ወሰን አለው። አንድ መቶ ሺህ መስመር የክንውን መዝገብ ከተጫነበት፣ ዋናው ትእዛዝ በጭነቱ ሥር ይቀበራል። መሣሪያው የመጨረሻዎቹን 100 መስመሮች ሰጥቶ «ተጨማሪ አለ፤ ለማየት ጊዜውን አጥብብ» ቢል ይሻላል።

መግለጫ ብቻውን አጥር አይሆንም

እስካሁን ያልነው ሁሉ መግለጫ በደንብ ከተጻፈ ወኪሉ ፈጽሞ አይሳሳትም የሚል ስሜት እንዳያሳድር እንሻለን። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሪፕሊት በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ አገልግሎት ላይ የሚሠራ ወኪል፣ ምንም ለውጥ እንዳያደርግ በግልጽ ታዝዞ ሳለ፣ የአንድ ተጠቃሚን በሥራ ላይ ያለ የመረጃ ቋት አጠፋ። መረጃውን መመለስ እንደማይቻልም ተናገረ፤ በኋላ ግን መመለስ እንደሚቻል ታወቀ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የወሰደው አንዱ እርምጃ የሙከራውንና የዋናውን የመረጃ ቋት መለየት ነበር።

ከዚህ የምንማረው የጽሑፍ መመሪያ ምክር እንጂ መቆለፊያ አለመሆኑን ነው። በኤምሲፒ ደንብም አንድ መሣሪያ «አንባቢ ብቻ»፣ «አጥፊ» ወይም «ቢደገም ተጨማሪ ለውጥ የማያመጣ» መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ሊሰጠው ይችላል፤ ደንቡ ራሱ ግን ምልክቶቹ ጠቋሚዎች ብቻ መሆናቸውን ያስገነዝባል። ስለዚህ የማይመለስ ድርጊት የሚፈጽም መሣሪያ በኮዱ ውስጥ የሰው ማረጋገጫ እስኪያገኝ መጠበቅ አለበት። ቮልዩም የመሰረዝ ሥልጣን ለዕለት ሥራ ለማይፈልገው ወኪል ጨርሶ አይሰጥ። መግለጫው ወኪሉ በትክክል እንዲመርጥ ይረዳዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ ስሕተቱ ሊደርስበት የሚችለውን ወሰን ያበጃል።

ጉዳዩ ለእኛ ተማሪዎችና መምህራን ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን ተሰጥቷል። የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሕክምና መዝገብ ወደ ሰርቨር እየገቡ ነው። እነዚህን ሰርቨሮች ነገ በከፊል ወኪሎች ቢያስተዳድሯቸው፣ «አጥፋ» የሚለው ቃል የአንድን ተማሪ የዓመታት ድካም እንዳያጠፋ የሚጠነቀቀው መግለጫውን የሚጽፈው ሰው ነው።

መግለጫን እንዴት እንፈትሽ?

መግለጫ እንደማንኛውም የሳይንስ ሥራ በሙከራ ይረጋገጣል። ቀላሉ ዘዴ የሚከተለው ነው። ሰዎች በተፈጥሯቸው በሚናገሩበት አማርኛ 20 ያህል ትእዛዞችን እንጻፍ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ሆን ተብለው አሻሚ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የትኛው መሣሪያ መመረጥ እንዳለበት፣ ወይም ወኪሉ መጠየቅ እንዳለበት አስቀድመን እንመዝግብ። ከዚያም ወኪሉን መጥፋቱ በማያሳስብ የሙከራ ሰርቨር ላይ እንፈትነው። የሞዴል መልስ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱን ትእዛዝ ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል። ስሕተት በተገኘበት ቦታ መግለጫውን አርመን ሁሉንም እንደገና እንፈትን፤ የአንዱ መሣሪያ መግለጫ መታረም የሌላውን ምርጫ ሊያናጋ ይችላልና።

ከማሽኑ በፊት በሰው መሞከርም ይጠቅማል። መግለጫውን ብቻ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ማብራሪያ፣ ሰርቨሩን ለማያውቅ የክፍል ጓደኛ እንስጥ። እርሱ የሚጠይቀን ጥያቄ ሁሉ ከመግለጫው የጎደለውን ያመለክታል።

ለአንባቢያን የቀረቡ መልመጃዎች

1. «ሎግ ያሳያል» የሚለውን መግለጫ ከላይ ባየናቸው አምስት ቁም ነገሮች መሠረት እንደገና ጻፉ። ስንት መስመር እንደሚመልስና ሰዓቱ በየትኛው መለኪያ እንደሚሰጥ አትርሱ።

2. «ልቀቅ» የሚለው ግሥ በሶፍትዌር ሥራ ምን ምን ትርጉም ሊሰጥ ይችላል? ሌሎች ሁለት አሻሚ የአማርኛ ግሦችን ፈልጋችሁ ወኪሉ መቼ መጠየቅ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉላቸው።

3. ተጠቃሚው «ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ» ብሏል። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ ወኪሉ የሚጽፈው ግብአት ስንት ሰዓት መሆን አለበት?